ኤረር 18 እና የአሮጌው ኮምፒውተራችን 137 ጊጋባይት

ሲፒዩውን ከቢሮ ቤት መልሼ ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ «ኤረር 18» የሚል ጽሑፍ መጣ። ከጎኑ አንድ መስመር እንግሊዝኛ አለ፤ የተመረጠው ሲሊንደር ባዮሱ (ኮምፒውተሩን መጀመሪያ የሚያስነሳው ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) ከሚችለው በላይ ነው ይላል። ሲሊንደር ዲስክ ላይ ቦታ የሚቆጠርበት አሃድ መሆኑን ያኔ አላውቅም። የማውቀው የባለቤቴ የፒችትሪ (የሒሳብ ፕሮግራም) ሥራ በሙሉ ዊንዶውሱ ላይ እንዳለና ሰኞ ጠዋት እንደምትፈልገው ነው። ዕለቱ ቅዳሜ ማታ ነበር።

አንድ ቁልፍ ስጫን የግራብ ሜኑ፣ ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ ይነሳ ብሎ የሚያስመርጠው፣ ተመልሶ መጣ። ዊንዶውስ ኤክስፒን መረጥኩ፤ ተነሳ። እፎይ አልኩ። እንደገና አጥፍቼ አብርቼ ኡቡንቱን፣ ማለትም ሊኑክሱን፣ በድሮው ከርነል (የሊኑክሱ ዋና አካል የሆነው ፋይል) ሞከርኩት። እሱም ተነሳ። አዲሱን ከርነል ስመርጥ ግን ያው ኤረር 18። ዲስኩ አንድ ነው። ፓርቲሽኑ፣ ማለትም የዲስኩ ክፍልፋይ፣ አንድ ነው። ፎልደሩም አንድ ነው። አንዱ ፋይል ይነበባል፣ አጠገቡ ያለው አይነበብም። ሁለት ቀን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው።

እንዲህ ያሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች አሁንም የሚሠሩበት ቦታ ሊኖር ይችላል። ዊንዶውስና ሊኑክስ አንድ ላይ ሊጭንባቸው የሚፈልግ ሰው እኔ የገባሁበት ውስጥ እንዳይገባ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው በ2000 ዓ.ም. ነው። ኡቡንቱ 8.04 የወጣው በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ነበር። ሲዲውን ያኔ በነጻ በፖስታ ይልኩ ስለነበር ፖስታ ሳጥኔ ድረስ መጣልኝ። ኮምፒውተራችን ፔንቲየም 4 ነው፤ ባዮሱ ላይ የተጻፈው ዓመት እ.ኤ.አ. 2001። የነበረው 40 ጊጋ ዲስክ መንቋቋት ሲጀምር 160 ጊጋ አይዲኢ (የድሮው የዲስክ ማገናኛ ዓይነት) ገዝቼ ቀየርኩት። ከፊት 100 ጊጋ ለኤክስፒ ሰጠሁ፤ የቀረውን 60 ለኡቡንቱ። ባለቤቴ ፒችትሪና ፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያው) ከሌላት ሥራዋ አይሄድም። እኔን ደግሞ በፍላሽ የሚመጣው ቫይረስ አማሮኝ ነበር። ሁለቱም ያስፈልጉን ነበር።

ቤት ኢንተርኔት ስላልነበረን አፕዴት ለማድረግ ሲፒዩውን ታክሲ ላይ ጭኜ ቢሮ ወሰድኩት። አዲሱ ከርነል የወረደው እዚያ ነው። እስከዚያ ድረስ ኮምፒውተሩ ለወራት ያለ ምንም ችግር ሠርቷል። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ሲሠራ የነበረ ነገር ሲቆም ጥፋቱን አሁን በተነካው ነገር ላይ እንፈልጋለን። እኔም አፕዴቱ ተበላሽቷል ብዬ ደምድሜ ነበር። አልተበላሸም።

ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ባዮሱ ነው። ባዮሱ የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር (ዲስኩ የተከፋፈለበት ትንሹ ቁራጭ) ያነብና እዚያ ያገኘውን ፕሮግራም ያስነሳል። እኛ ቤት ያ ፕሮግራም ግራብ ነው። ግራብ ዲስኩን ራሱ አያነብም። «ይህን ቁጥር ሴክተር አምጣልኝ» ብሎ ባዮሱን ይጠይቃል። ባዮሱ የሚችለው ቁጥር ካለቀ ግራብም እዚያው ቆመ ማለት ነው።

የቀበሌ የቤት ቁጥር አስቡ። መዝገቡ ላይ ለቁጥሩ የተተወው ቦታ ሦስት አሃዝ ብቻ ቢሆን ከ999 በኋላ የተሠራው ቤት በዓይን ይታያል እንጂ መዝገብ ላይ የለም። የድሮው አይዲኢ ለሴክተር ቁጥር የተወው ቦታ 28 ቢት ነው። በ28 ቢት የሚቆጠረው 268,435,456 ሴክተር ነው። አንዱ ሴክተር 512 ባይት ነው። ሲባዛ 137 ጊጋባይት ይሆናል። በኋላ 48 ቢት የሚቆጥር አሠራር መጣ፤ የእኛ ባዮስ ግን ከዚያ በፊት የተሠራ ነው።

ከርነሉ አንዴ ከተነሳ በኋላ ባዮሱን አይጠይቅም። በራሱ ድራይቨር ዲስኩን በቀጥታ ያናግራል። ስለዚህ ኡቡንቱ ሲጫን 160 ጊጋውን በሙሉ አየ፤ አንድም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ተጫነ። የእኔ ኡቡንቱ ፓርቲሽን ከ100 ጊጋ ተነስቶ 160 ድረስ ይሄዳል። 137 ላይ ያለውን ድንበር ረግጦ ነው የቆመው። የመጀመሪያው ከርነል ከድንበሩ ወዲህ አረፈ። ፋይል ሲስተሙ ባዶ ቦታ ባገኘበት ስለሚያስቀምጥ አዲሱ ከርነል ከድንበሩ ወዲያ ሄዶ አረፈ። ግራብ ጠየቀ፣ ባዮሱ አልቻለም፣ ኤረር 18 መጣ። የግራቡ የሜኑ ፋይል ራሱ ወዲያ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ሜኑውም አይመጣልኝም ነበር።

ምልክቱ ከመጀመሪያውም ነበር። አዲሱን ዲስክ የገጠምኩ ቀን ኮምፒውተሩ ሲነሳ ባዮሱ ዲስኩን 137 ጊጋ ብሎ ነው ያሳየው። አይቼዋለሁ። ሻጩ 160 ብሎኝ 137 የሆነው በአቆጣጠር ልዩነት ነው ብዬ አለፍኩት። የአቆጣጠር ልዩነት እውነት አለ፤ 160 ጊጋ ብለው የሚሸጡት ዲስክ ዊንዶውስ ውስጥ 149 ሆኖ ይታያል። 137 ግን ሌላ ነው።

እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን በቃል መያዝ ይጠቅማል። በጣም አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ባዮሱ 528 ሜጋባይት ላይ ይቆማል። ከዚያ ቀጥሎ የነበሩት 8.4 ጊጋ ላይ ይቆማሉ። እሱ የመጣው ከ1024 ሲሊንደር፣ ከ255 ሄድ (የዲስኩ ማንበቢያ ራስ) እና ከ63 ሴክተር ብዜት ነው። የድሮ የሊኑክስ መመሪያዎች ቡት ፓርቲሽኑን ከ1024ኛው ሲሊንደር በፊት አድርጉት እያሉ የሚወተውቱት ለዚህ ነው። ከግራብ በፊት የነበረው ሊሎም በዚሁ ሲሊንደር ሰውን ብዙ አሰቃይቷል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የተሠሩ አንዳንድ ባዮሶች ደግሞ 33.8 ጊጋ ላይ ይቆማሉ፤ እንዲያውም ከዚያ የበለጠ ዲስክ ሲገጠምባቸው እዚያው ደርቀው ይቀራሉ። የዚያን ጊዜ ዲስኮች ጀርባ ላይ አቅማቸውን 32 ጊጋ አስመስላ የምታሳይ ጃምፐር (ሁለት ፒን የምታገናኝ ትንሽ ቆብ) የነበረችው ለዚህ ነው። ከዚያ 137። ባዮሱ ከነዚህ አንዱን ካሳያችሁና ዲስኩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ከበለጠ፣ ምንም ነገር ሳትጭኑ ቁሙ።

ወደ እኔ መፍትሔ ልመለስ። አንዳንድ ሰዎች ባዮሱን አፕዴት አድርገው ይላሉ። ማዘርቦርዱ አዲስ የባዮስ ፋይል ካለው እውነት ይፈታል። ባዮስ እየተጻፈ መብራት ቢሄድ ግን ማዘርቦርዱ ያልቃል። እኛ ሰፈር መብራት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሄደው፤ ዩፒኤስም አልነበረኝም። ተውኩት። ሁለተኛው ምክር ሁሉንም ፎርማት አድርገህ እንደገና ጫን የሚል ነው። እሱም አያስፈልግም ነበር።

የሚያስፈልገው ግራብ የሚያነባቸው ፋይሎች፣ ማለትም ከርነሉ፣ ኢኒትአርዲው (ከከርነሉ ጋር አብሮ የሚጫነው የማስነሻ ፋይል) እና የግራብ ፎልደር፣ ሁልጊዜ ከድንበሩ ወዲህ እንዲሆኑ ማድረግ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ የትም ቢሆን ግድ የለም። ለዚህ 500 ሜጋባይት የምታህል የብቻዋ ቡት ፓርቲሽን ትበቃለች።

የባለቤቴን ፋይሎች መጀመሪያ ሁለት ዲቪዲ ላይ ገለበጥኩ። ኤክስፒ ውስጥ ገብቼ ዲፍራግ አደረግኩ። ከዚያ በጂፓርትድ (የፓርቲሽን ማስተካከያ ፕሮግራም) የኤክስፒውን ፓርቲሽን ከጅራቱ በ500 ሜጋ አሳጠርኩት። ከፊት እንዳትነኩት፤ መነሻውን ማንቀሳቀስ ማለት 100 ጊጋውን በሙሉ እያነሱ ማስቀመጥ ነው፣ ሰዓታት ይፈጃል፣ መሀል ላይ መብራት ከሄደ አለቀ። ከጅራት ማሳጠር ግን ደቂቃዎች ነው የወሰደብኝ። ያም ቢሆን ሥራውን የጀመርኩት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ነው፤ እኛ ጋ መብራቱ በዚያ ሰዓት ይረጋ ነበር። የተገኘችው ክፍት ቦታ 99 ጊጋ ተኩል ገደማ ላይ ናት። የዲስኩ መጀመሪያ አይደለችም፣ ግን ከ137 በታች ናት። የሚፈለገው እሱ ነው።

እዚያ ላይ አዲስ ፕራይመሪ ፓርቲሽን ሠራሁና በኢኤክስቲ3፣ በሊኑክሱ ፋይል ሲስተም፣ ፎርማት አደረግኩ። ሦስተኛ ቁጥር ወጣላት። ከሁለተኛው ፓርቲሽን በፊት ተቀምጣ ሦስተኛ መባሏ ኤፍዲስክን (የሊኑክሱን የፓርቲሽን ትእዛዝ) አላስደሰተውም፤ ፓርቲሽኖቹ በዲስኩ ቅደም ተከተል አልተቀመጡም የሚል ማሳሰቢያ ያወጣል። ምንም ጉዳት የለውም፤ እንዲስተካከል ብላችሁ ቁጥሮቹን እንዳትነካኩ።

በድሮው ከርነል ኡቡንቱን አስነሳሁ። የቡት ፎልደሩን ይዘት በሙሉ ወደ አዲሷ ፓርቲሽን ገለበጥኩ። ሲነሳ ራሱ እንዲያገናኛት ኤፍኤስታብ በሚባለው የፓርቲሽኖች ዝርዝር ፋይል ላይ ጻፍኩ። የግራቡን የትእዛዝ መስመር ከፍቼ ሩትህ (ፋይሎችህ ያሉበት) ይህች ፓርቲሽን ናት አልኩትና ዲስኩ ራስ ላይ እንደገና ጫንኩት። ያኔ የነበረው የድሮው ግራብ፣ 0.97 የሚባለው፣ የሚቆጥረው ከዜሮ ነው። ሦስተኛዋ ፓርቲሽን እሱ ዘንድ 2 ናት። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ።

ሪስታርት አደረግኩ። ኤረር 15። ፋይሉ አልተገኘም ይላል። ወገቤን የያዘኝ ያኔ ነው። ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ኋላ ሳየው ግን ይህ ኤረር ጥሩ ዜና ነበር፤ ግራብ ፓርቲሽኗን አንብቧታል፣ ያጣው መንገዱን ነው። የሜኑ ፋይሉ ላይ የከርነሉ አድራሻ ከ«ቡት» ፎልደር እንደሚጀምር ተጽፎ ቀርቷል። አሁን ግን ቡት ራሷ ፓርቲሽን ስለሆነች ውስጧ ሌላ ቡት የሚባል ፎልደር የለም። ሜኑው ላይ «ኢ»ን ተጭኜ ያችን አንድ ቃል አጠፋሁና አስነሳሁት። አዲሱ ከርነል ተነሳ። ከዚያ ፋይሉ ላይ በቋሚነት አስተካከልኩ። ኤክስፒ በመጀመሪያው ሲነሳ ዲስኩን ቼክ ማድረግ ጀመረ፤ ፓርቲሽኑ ስላጠረ የሚጠበቅ ነው፣ እስኪጨርስ ተዉት። ሰኞ ጠዋት ባለቤቴ ፒችትሪዋን ከፍታ ቁጭ ብላ ሠራች።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ ሌላ ግድግዳ ገጠመኝ። ታናሽ እህቴ ዊንዶውስ 7 ያለበት ላፕቶፕ ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ኡቡንቱ ጫንልኝ፤ ግን የመመረቂያ ጽሑፌ ይጥፋና አብረን እናለቅሳለን» አለችኝ። ዲስኩ 500 ጊጋ ነው፣ ባዮሱም አዲስ ነው፣ ችግር አይኖርም ብዬ ሲ ድራይቭን አሳጥሬ 80 ጊጋ ነጻ ቦታ አወጣሁ። ኢንስቶለሩ ላይ ስደርስ ያ 80 ጊጋ ጥቅም ላይ አይውልም ይላል። ቦታው አለ። አይነካም።

ይህኛው ድንበር የባዮሱ አይደለም፤ የመጀመሪያው ሴክተር ነው። ያች ሴክተር 512 ባይት ናት። 446ቱ የቡት ሎደሩ ኮድ ነው። 64ቱ የፓርቲሽን ሠንጠረዥ ነው። የመጨረሻዎቹ 2 ባይት ማረጋገጫ ማኅተም ናቸው። አንድ ፓርቲሽን ሠንጠረዡ ላይ 16 ባይት ይፈልጋል። 64 ለ16 ሲካፈል አራት። አምስተኛ መስመር የሚጻፍበት ቦታ የለም። እህቴ ላፕቶፕ ላይ አራቱም ከፋብሪካ ተይዘው መጥተዋል፦ ትንሿ የሲስተም ፓርቲሽን፣ ሲ፣ ሪከቨሪውና መጨረሻ ላይ መቶ ሜጋ የምታህል የፋብሪካው መሣሪያዎች ፓርቲሽን።

ከአራቱ አንዱን ኤክስቴንድድ ካደረጋችሁት ውስጡ ሎጂካል ፓርቲሽኖችን መደርደር ይቻላል። ሊኑክስ ከሎጂካል ይነሳል፤ ምንም አይለውም። ስለዚህ የሚያስፈልገው አንድ መስመር ማስለቀቅ ብቻ ነው። ሪከቨሪ ዲቪዲዎቹን አስቀድሜ አቃጠልኩ። የመሣሪያዎቹን ፓርቲሽን ይዘት ፍላሽ ላይ ገልብጬ እሷን አጠፋኋት። ሠንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ተለቀቀ። ያኔ 80 ጊጋው ላይ ኤክስቴንድድ፣ ውስጡም ለኡቡንቱና ለስዋፕ (ሚሞሪ ሲሞላ ሊኑክስ ለሚጠቀምበት ቦታ) ሎጂካል ሠራሁ። ኡቡንቱ 12.04 ተጫነ፤ ጽሑፏም አልጠፋም።

እዚህ ቦታ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ በደንብ ያዙልኝ። አራቱ መስመር ተሞልቶ ሳለ ዊንዶውስ ውስጥ በዲስክ ማኔጅመንት አምስተኛ ፓርቲሽን ለመሥራት ከሞከራችሁ፣ ዲስኩ ከተለመደው አከፋፈል (ቤዚክ) ወደ ዳይናሚክ፣ ወደ ዊንዶውስ የራሱ አከፋፈል፣ ይቀየር ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የዋህ ይመስላል። «የስ» እንዳትሉ። አንድ ጓደኛዬ ላፕቶፑን ኮምፒውተር ቤት ሰጥቶ ባለሙያው «የስ» ብሎለት ነበር። ዊንዶውሱ መሥራቱን ቀጠለ፤ ሊኑክስ ኢንስቶለር ግን ፓርቲሽኖቹን ለይቶ ሊያያቸው አልቻለም። በዊንዶውሱ በራሱ ወደ ቤዚክ ለመመለስ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ማጥፋት ያስፈልጋል። ጓደኛዬም ሁሉንም ገልብጦ ከባዶ ጀመረ።

የእህቴ ላፕቶፕ እንደገና መጣ። ቦታ ሲጠባት ዊንዶውስ ውስጥ ገብታ የኡቡንቱን ፓርቲሽን አጥፍታዋለች። አጥፍታ ስታበራው «ግራብ ሬስኪዩ» የሚል ጽሑፍና ብልጭ ድርግም የሚል ጠቋሚ ብቻ። የመጀመሪያው ሴክተር ላይ ያለው ግራብ አልጠፋም፤ ቀሪው አካሉ ያለበትን ፓርቲሽን ነው ያጠፋችበት። በዊንዶውስ 7 ዲቪዲ ሪፔር ውስጥ ገብቼ በቡትሬክ ትእዛዝ የዊንዶውሱን ኮድ መለስኩ። ኤክስፒ ላይ ሪከቨሪ ኮንሶል ውስጥ ፊክስኤምቢአር የሚባለው ያንኑ ሥራ ይሠራል። ሊኑክስን ማውጣት ከፈለጋችሁ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የዊንዶውሱን ቡት ኮድ መልሱ፣ በዊንዶውስ መነሳቱን እዩ፣ ከዚያ ነው ፓርቲሽን ማጥፋት።

ሬስኪዩ የመጣው ግን ሊኑክሱ ሳይጠፋ የፓርቲሽን ቁጥር ተቀይሮ ከሆነ ሲዲም አያስፈልግም። ሎጂካል ፓርቲሽኖች ከ5 ጀምሮ ነው የሚቆጠሩት። 5ኛው ከጠፋ 6ኛው 5 ይባላል፤ ግራብ ግን 6ን ይፈልጋል። ኤልኤስ ብላችሁ ስትጽፉ ያሉትን ፓርቲሽኖች ይዘረዝርላችኋል። አንድ በአንድ ውስጣቸውን እዩ። የቡትና የግራብ ፎልደር ያለበትን ስታገኙ «ሴት» በሚለው ትእዛዝ ሩትንና ፕሪፊክስን ወደዚያ አዙሩ፣ ኢንስሞድ ኖርማል በሉ፣ ቀጥሎ ኖርማል በሉ። ሜኑው ይመጣል። ኡቡንቱ ከገባችሁ በኋላ ግራብ ኢንስቶልን በዲስኩ ላይ አስኪዱ፤ አለበለዚያ ነገ ያው ነው።

ኤክስፒ በነበረበት ዲስክ ላይ አዲሱን ግራብ 2 ስትጭኑ ሌላም ጥበት አለ። ኤክስፒ የመጀመሪያውን ፓርቲሽን ከ63ኛው ሴክተር ነው የሚጀምረው። ግራብ 2 ደግሞ ዋና አካሉን የሚያስቀምጠው ከመጀመሪያው ሴክተርና ከመጀመሪያው ፓርቲሽን መሀል ባለው ክፍተት ነው። 62 ሴክተር፣ ማለትም 31 ኪሎባይት። በጣም ጠባብ ነው። ቦታው በጣም ትንሽ ነው የሚል ኤረር ከመጣ ምክንያቱ ይኼ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ፓርቲሽን የሚጀምረው ከ2048ኛው ሴክተር ስለሆነ አንድ ሜጋባይት ክፍተት አለ።

ስለ 2 ቴራ ድንበር ብዙ አልልም። የአራቱ መስመር ሠንጠረዥ ቁጥር 32 ቢት ነው፤ 2.2 ቴራባይት ላይ ያበቃል። 3 ቴራ ዲስክ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ለዳታ ብቻ ከሆነ በጂፒቲ (በአዲሱ የፓርቲሽን ሠንጠረዥ) ከፋፍላችሁ ሊኑክስ ውስጥ ተጠቀሙበት። ባለ 32 ቢቱ ኤክስፒ ግን ጂፒቲ አያነብም።

አሁን ምንም ነገር ከመንካቴ በፊት የማደርገው ይህን ነው። ዲዲ በሚባለው ትእዛዝ የመጀመሪያዎቹን 512 ባይት ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ። ስትመልሱት ተጠንቀቁ፤ 512ቱንም ከመለሳችሁ የድሮው የፓርቲሽን ሠንጠረዥም አብሮ ይመለሳል። በመሀል ፓርቲሽን ቀይራችሁ ከሆነ 446ቱን ባይት ብቻ መልሱ። ሎጂካሎቹ ደግሞ እዚያች ሴክተር ውስጥ አልተጻፉም፤ ለነሱ ኤስኤፍዲስክ የሚባለው ትእዛዝ የሚያወጣውን የፓርቲሽን ዝርዝር ለብቻው ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ያንኑ ዝርዝር በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጽፌ የሲፒዩው ክዳን ውስጥ ለጠፍኩት። ከየት እስከ የት ኤክስፒ፣ የት ቡት፣ የት ኡቡንቱ። ከሥሩ የባዮሱን ሴቲንግ ጻፍኩ፤ ዲስኩ «ኤልቢኤ» (ሴክተሮችን በተራ ቁጥር የሚቆጥረው አሠራር) ላይ መሆን አለበት ብዬ። አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስታልቅ ባዮሱ ሴቲንጉን ሁሉ ይረሳል። ዲስኩን በሌላ አቆጣጠር ማንበብ ከጀመረ ግራብ ይጠፋል፤ ሰውም ዲስኩ ሞተ ብሎ ፎርማት ያደርጋል። ሰዓቱ ወደ ኋላ ከሄደባችሁ መጀመሪያ ባትሪዋን ቀይሩ።

ኮምፒውተሩን በ2008 ዓ.ም. ለጎረቤታችን ልጅ ሰጠሁት። ወረቀቱን አልነቀልኩም። ባትሪው የተቀየረበት ቀንም እዚያው ላይ ተጽፏል።